ራምባም፦ ሐኪሙ፣ ዳኛውና ዘመን ቆጣሪው

ቲራት ካርሜል ውስጥ ራምባም ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። አንድ ሽማግሌ ራምባም ሄደዋል ከተባለ ወይ ቀጠሮ አላቸው፣ ወይ የተኛ ዘመድ ሊጠይቁ ነው። ሐይፋ ባት ጋሊም ባሕሩ ዳር የቆመው ይህ ሆስፒታል በእንግሊዞች ጊዜ በ1938 የተሠራ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ግን የእስራኤል መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ ነው። ስሙ የሰው ስም መሆኑን አንዳንድ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ራቢ ሞሼ ቤን ማይሞን የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሎቹ ሲገጣጠሙ ራምባም ይሆናል፤ በአማርኛ ሙሴ የማይሞን ልጅ እንደማለት ነው።

ሕክምናቸውን ሰው ሁሉ ያወራል። ብዙ ያልተወራላቸው የቁጥር ሥራቸው ነው። በዚህ አገር ሮሽ ሐሻና ለምን እሑድ እንደማይውል፣ ሲግድ ለምን ማክሰኞ ሆኖ እንደማያውቅ፣ የዓመቱ አቆጣጠር ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ልክ ለመግጠም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ይህ ሁሉ እሳቸው አስተካክለው ከጻፉት ሒሳብ ይወጣል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ 689,472 ዓመት ነው። እዚህ ቁጥር ላይ ለመድረስ ግን ከሰውዬው ሕይወት መነሳት ይሻላል።

ራምባም በ1138 ስፔን ውስጥ ኮርዶባ በምትባል ከተማ፣ በፋሲካ ዋዜማ ተወለዱ። በ1135 ነው የሚሉ መጻሕፍትም አሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። አባታቸው ራቢ ማይሞን የከተማው ዳኛ ነበሩ፤ ለልጃቸው ኦሪቱንም ሒሳቡንም የከዋክብቱንም ትምህርት ያስያዟቸው እሳቸው ናቸው። ልጁ አስር ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1148፣ ከሞሮኮ የተነሱት አልሞሃዶች ኮርዶባን ያዙ። እነዚህ ገዢዎች አይሁዱንም ክርስቲያኑንም እምነቱን እንዲቀይር፣ ወይ አገር እንዲለቅ፣ ወይ እንዲሞት ያስገድዱ ነበር። በሃይማኖቱ ምክንያት ርስት ተነፍጎ የኖረ የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቤተሰቡ አስር ዓመት ያህል ስፔንን ከዳር እዳር ሲንከራተት ቆየ። ራምባም ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስለ አይሁድ የዘመን አቆጣጠር በዓረብኛ አንዲት አጭር ጽሑፍ እንደጻፉ ይነገራል። ቤት የለ፣ ንብረት የለ፤ ሒሳብ ግን በራስ ተሸክመውት የሚዞሩት ነገር ነው። በሃያ ሦስት ዓመታቸው ደግሞ የሚሽናን ማብራሪያ ጀመሩ። በ1160 ገደማ ቤተሰቡ ወደ ሞሮኮ ተሻግሮ ፌዝ ከተማ ተቀመጠ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ከአልሞሃዶች ሸሽቶ እዚያው አልሞሃዶች አገር መግባት። እዚያም ቢሆን ሰላም አልተገኘም። በ1165 የፌዙ ሊቅ ራቢ ይሁዳ ኢብን ሾሻን በእምነታቸው ምክንያት ተገደሉ። ማይሞን ልጆቻቸውን ይዘው በዚያው ዓመት መርከብ ላይ ወጡ።

የዚህን ጉዞ ቀናት ራምባም ራሳቸው መዝግበው ስላቆዩ ዛሬም አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። የተነሱት እሑድ፣ ኢያር 4 ቀን፣ ሚያዝያ ወር በፈረንጆቹ 18 ቀን 1165 ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ኢያር 10፣ ባሕሩ ተቆጣ፤ መርከቡ ሊሰጥም ደረሰ። እሳቸውም ስዕለት ተሳሉ፦ እነዚህን ሁለት ቀኖች ከነቤተሰባቸው በየዓመቱ ሊጾሙ፣ ኢያር 10ን ደግሞ ከሰው ተለይተው ለብቻቸው ከአምላክ ጋር ሊውሉ። ሲቫን 3 ቀን፣ በግንቦት 16፣ አኮ ወደብ በሰላም ደረሱ። ያም ቀን እሑድ ነበር። ኢያር ሁልጊዜ 29 ቀን ስለሆነ ከኢያር 4 እስከ ሲቫን 3 ድፍን 28 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ሳይጎድል ሳይተርፍ። ያን ቀን ደግሞ የደስታ ቀን አድርገው ለድሃ መስጠትን ለቤታቸው ሥርዓት አደረጉት።

አኮ ሩቅ አይደለችም። ከራምባም ሆስፒታል ባሕር ዳር ሆኖ ወደ ሰሜን ያየ ሰው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያያታል። በዚያ ጊዜ አገሩን የያዙት የመስቀል ጦረኞች ነበሩ፤ አይሁዱ ጥቂት ነበር፤ ከአኮ ዳኛ ከራቢ ያፌት ቤን ኤሊያሁ ጋር ግን ጥብቅ ወዳጅነት ያዙ። አምስት ወር ያህል ቆይተው ማክሰኞ፣ ሕሽቫን 4 ቀን፣ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሱ። መንገዱ አደገኛ ነበር። ሐሙስ፣ ሕሽቫን 6፣ በጥቅምት 14፣ በመቅደሱ ስፍራ ጸለዩ። እሑድ፣ ሕሽቫን 9፣ ወደ ኬብሮን ሄደው በአባቶች መቃብር ቆሙ። እነዚህንም ቀኖች ለራሳቸው በዓል አደረጓቸው። ሲግድ በሚውልበት በዚያው ወር መሆኑ ነው።

ከዚያ ወደ ግብፅ ወረዱ፤ መጨረሻም ፉስጣጥ፣ የዛሬዋ አሮጌዋ ካይሮ፣ ተቀመጡ። አባት ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ቤቱን የያዘው ታናሽ ወንድማቸው ዳዊት ነበር። ዳዊት የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴ ነው፤ እሱ እየነገደ ያመጣል፣ ራምባም ተቀምጠው ይማራሉ፣ ይጽፋሉ። ለዳዊት ያስተማሩት ወንድሙ ናቸው፤ ለወንድሙ እንጀራ የሚያቀርበው ደግሞ ዳዊት ነው።

አንድ ቀን ዳዊት ከላይኛው ግብፅ ከቁስ ከተማ በረሃውን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። የደረሰው አይዛብ በምትባል ወደብ ነው፤ በዚያው ዳርቻ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ዳህላክና ምጽዋ ይደርሳል። በበረሃው ብዙ መከራ አይቷል። ወደቡ ላይ የፈለገውን ሸቀጥ ስላላገኘ ወደ ህንድ ለመሻገር ወሰነና ይህንኑ ለወንድሙ ጻፈ፤ እንዳይጨነቁ፣ ሚስቱንም እንዲያጽናኑለት ለመነ። ያ ደብዳቤ አልጠፋም። ከዘመናት በኋላ ካይሮ ምኩራብ ውስጥ፣ አሮጌ ጽሑፎች ከሚጣሉበት ጌኒዛ ከሚባለው ክፍል ተገኝቶ ዛሬ እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ተቀምጧል። ዳዊት ግን ህንድ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመ። የራሱ ገንዘብ፣ የወንድሙ ገንዘብ፣ የሌሎች ሰዎችም አደራ አብሮ ሰጠመ። ሚስቱና አንዲት ትንሽ ልጁ ራምባም እጅ ላይ ቀሩ።

ራምባም ወደ አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ወደቁ፤ ትኩሳትና ሐዘን ተደራረበባቸው። ከስምንት ዓመት በኋላ እንኳ ለአኮው ወዳጃቸው ለራቢ ያፌት ሲጽፉ ሐዘኑ እንዳልወጣላቸው፣ የዳዊትን የእጅ ጽሑፍ ባዩ ቁጥር ልባቸው እንደሚገለበጥ ገልጸዋል። ሐኪምነትን መተዳደሪያቸው ያደረጉት ከዚህ በኋላ ነው። በትምህርት ገንዘብ መብላት ነውር ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩና ለራቢነታቸው ደመወዝ አልፈለጉም።

ትልቁን የሕግ መጽሐፋቸውን ሚሽኔ ቶራን የጻፉት በዚያው የሐዘን ዓመታት ውስጥ ነው፤ አስር ዓመት ያህል ወስዶባቸዋል። አሥራ አራት መጻሕፍት አሉት። በዕብራይስጥ ያድ የሚለው ቃል እጅ ማለት ሲሆን፣ ዮድ 10፣ ዳሌት 4 ሆነው ሲደመሩ 14 ይሆናሉ፤ ስለዚህ መጽሐፉ ብርቱው እጅ የሚል ስምም ወጣለት። ከዚያ በፊት የኦሪትን ትእዛዛት 613ቱን አንድ በአንድ ዘርዝረው በመጽሐፍ አውጥተው ነበር፦ አድርግ የሚሉት 248፣ አታድርግ የሚሉት 365። ይህ 613 ራሱ ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም ቁጥር አስተካክሎ የማያካፍለው፣ በሒሳብ ትምህርት ብቸኛ ቁጥር የሚባል ነው።

በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሠርቀ ወርኅ የሚናገር ክፍል አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ኢትዮጵያ ውስጥ ጨረቃ የጠበቀ ሽማግሌ ቢሰማ የራሱን አገር የሰማ ይመስለዋል። በመቅደሱ ዘመን ወሩን የሚያውጀው ኢየሩሳሌም ያለው ሸንጎ ነበር። አዲሷን ጨረቃ ያዩ ሰዎች እየመጡ ይመሰክራሉ፤ ዳኞቹ ደግሞ ለየብቻ እያስገቡ ይመረምሯቸዋል፤ ጨረቃዋ ከፀሐይ በስተሰሜን ነበረች ወይስ በስተደቡብ፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀንዷ ወዴት የዞረ። ምስክሮቹ የሚሰበሰቡበት ሰፊ ግቢ ነበር፤ ለመምጣት እንዳይሰንፉ ጥሩ ምግብ ይሰናዳላቸው ነበር። ወሩ ከታወጀ በኋላ ከተራራ ተራራ እሳት እየነደደ ወሬው ይዳረሳል፤ ኋላ ግን በውሸት እሳት የሚያሳስቱ ስለተነሱ በመልእክተኛ ተተካ። አዲስ ጨረቃ የምትታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በስተምዕራብ ነው፤ ቲራት ካርሜል ላይ ከሆነ ከባሕሩ በላይ ማለት ነው።

ሸንጎው ሲጠፋ ምስክር መቀበልም ቀረ፤ ወሩ በሒሳብ ብቻ መወለድ ጀመረ። ሒሳቡ ላይ የሚፈጠር ትንሽ ልዩነት ደግሞ ሕዝብ ይከፍላል። ከራምባም ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ921 እና በ922፣ በኢየሩሳሌም ወገን ቤን ሜኢር፣ በባቢሎን ወገን ከግብፅ የወጡት ራቭ ሳዕድያ ተጣሉ። የተጣሉት በ642 ክፍል ሰዓት ነው፤ 36 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በዚህ ሰበብ አንዱ ወገን ፋሲካን እሑድ፣ ሌላው ማክሰኞ አደረገ። አንዱ ቤት እርሾ ሲጠፋ ጎረቤቱ እንጀራ ይበላል ማለት እኮ ነው። በኋላ የባቢሎኖቹ ሒሳብ ጸና። ራምባም ዳግም እንዲህ ያለ ነገር እንዳይመጣ ሒሳቡን ሁሉም ሰው በሚያነበው ዕብራይስጥ፣ ከነደንቡ፣ በግልጽ አስቀመጡት። የተማሪ ቤት ልጅ እንኳ በሦስት ወይ በአራት ቀን ይጨርሰዋል የሚል ሐሳብ አላቸው። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቀን 24 ሰዓት አለው፤ የሚቆጠረውም ከምሽት ነው፣ ልክ በአማርኛ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት እንደሚባለው። አንዱ ሰዓት 1,080 ቦታ ይከፈላል። ቁራጩ በዕብራይስጥ ሔሌቅ ይባላል፤ ክፍል ማለት ነው፤ በዛሬው መለኪያ ሦስት ሴኮንድ ከሲሶ ይሆናል። 1,000 ቀርቶ 1,080 ለምን ተመረጠ? ራምባም ምክንያቱን አስቀምጠውታል፦ ይህ ቁጥር ግማሽ አለው፣ ሲሶ አለው፣ ሩብ አለው፣ አንድ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አስረኛም አለው፤ ሁሉም ያለ ትርፍራፊ ይወጣል። ተቆጥረው ሲያልቁ 1,080ን አስተካክለው የሚያካፍሉ ቁጥሮች 32 ናቸው። 1,000ን የሚያካፍሉት ግን 16 ብቻ ናቸው፤ ሲሶ እንኳ የለውም። የጎንደር ደብተራዎች ቀኑን 60 ኬክሮስ ብለው የሚከፍሉትም በዚሁ ጥበብ ነው፤ 60ም ለማካፈል የተመቸ ቁጥር ነው።

ከአንድ የጨረቃ ልደት እስከሚቀጥለው ያለው ጊዜ፣ በአማካይ፣ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ክፍል ነው። ሁሉም ወደ ክፍል ሲመነዘር 765,433 ይሆናል። ይሄኛው ቁጥር ደግሞ የ1,080 ተቃራኒ ነው፤ ንፉግ ነው። ከአንድና ከራሱ ሌላ አስተካክለው የሚያካፍሉት 131 እና 5,843 ብቻ ናቸው። ከ1,080 ጋርም ከ7 ጋርም ምንም የጋራ አካፋይ የለውም። የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መግደፍ ነው። በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፎ ቀሪውን መያዝ እንዳለ፣ ራምባምም ሰባት ሰባቱን ቀን ይገድፋሉ፤ የሚፈለገው ልደቱ በሳምንቱ ስንተኛ ቀን እንደዋለ ብቻ ነውና። ከ29 ቀን 28ቱ ሲገደፍ ለወሩ 1 ቀን ከ12 ሰዓት ከ793 ክፍል ይቀራል። ጨረቃዋ ሰኞ ጠዋት በአማርኛ 12 ሰዓት ላይ ከተወለደች የሚቀጥለው ልደት ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ገደማ ነው። እንዲህ እየተደመረ ይሄዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሰባቱ አሥራ ሦስት ወር ያላቸው ሆነው፣ 235 ወር ይሆናል። ደብተራዎቹ ይህን ንዑስ ቀመር ይሉታል። የ235ቱ ወር ቀሪ፣ ሳምንቱ ከተገደፈ በኋላ፣ 2 ቀን ከ16 ሰዓት ከ595 ክፍል ነው።

ልደቱ ከታወቀ በኋላም በዓሉን ወዲያው ማወጅ አይቻልም። ሮሽ ሐሻና እሑድ፣ ረቡዕና አርብ አይውልም። ለረቡዕና ለአርብ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚሰጡት ምክንያት ዮም ኪፑር ከሰንበት ጎን እንዳይቆም ነው፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ እሳት ሳይነድ፣ የሞተ ሰው ሳይቀበር እንዳይውል። ራምባም ግን ምክንያቱ ሌላ ነው አሉ፤ አማካዩ ልደትና የጨረቃዋ እውነተኛ ልደት ስለሚለያዩ ያንን ለማቀራረብ የተደረገ ነው ብለው ጻፉ። ፕሮቫንስ ያሉት ራቢ አብርሃም ቤን ዳዊት በዚህ ላይ ክፉኛ ተቆጥተው ጽፈውባቸዋል። እውነትም የሊቃውንቱን ምክንያት ተራ ሰው ቶሎ ይቀበለዋል፤ የራምባምን ለመቀበል ግን ሰማዩን ማወቅ ይጠይቃል።

ከዚህ ሲግድ የት እንደሚውል በጣት መቁጠር ይቻላል። ቲሽሬ ምንጊዜም 30 ቀን ነው። ስለዚህ ከሮሽ ሐሻና መጀመሪያ እስከ ሕሽቫን 29 ድረስ 58 ቀን አለ። 56ቱ ሲገደፍ ሁለት ይቀራል። ሮሽ ሐሻና ሰኞ ከዋለ ሲግድ ረቡዕ ነው፤ ማክሰኞ ከዋለ ሐሙስ፤ ቅዳሜ ከዋለ ሰኞ፤ ሐሙስ ከዋለ ደግሞ ሕሽቫን 29 ቅዳሜ ላይ ስለሚያርፍ በዓሉ ወደ ሐሙስ ይቀደማል፣ በ2024 ኅዳር ላይ እንደተደረገው። እሑድ፣ ማክሰኞና አርብ ግን አይደርስም። ኢትዮጵያ ሳሉ ቀሳውስቱ ጨረቃ እያዩ፣ ወሩን አንዴ 29 አንዴ 30 እያሉ ሲቆጥሩ ይህ ክልከላ አልነበረም፤ ብርሃን ሠረቀም በየትኛውም ቀን ሊውል ይችል ነበር።

ወደ ትልቁ ቁጥር እንመለስ። ዓመቶቹ የሚመጡት በ14 ዓይነት ብቻ ነው፤ ሰባቱ አሥራ ሁለት ወር ያላቸው፣ ሰባቱ አሥራ ሦስት። ታዲያ የዓመቶቹ ተራ መቼ ነው እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምረው? በ9ኛው መቶ ዓመት የኖሩት የባቢሎኑ ራቭ ናሕሾን ጋኦን በየ247 ዓመቱ ነው ብለዋል ይባላል። 247 ማለት አሥራ ሦስት ጊዜ 19 ነው። አሥራ ሦስቱ ቀሪ ሲደመር አምስት ሙሉ ሳምንት ሊሞላ 905 ክፍል ይጎድለዋል፤ ከሃምሳ ደቂቃ ትንሽ በለጥ ቢል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ጉድለት አይታይም፤ ስለዚህ ሰዎች ለዘላለም የሚያገለግል መስሏቸው ሰንጠረዥ ሠርተውበታል። አንዳንድ ዓመት ላይ ግን ሃምሳ ደቂቃዋ ልደቱን ከድንበሩ ታሳልፈውና በዓሉ በሙሉ ይዛባል።

እውነተኛው ዙር እንዲህ ይገኛል። በሳምንት ውስጥ 181,440 ክፍል አለ። አንድ ንዑስ ቀመር ሲያልፍ ልደቱ በ69,715 ክፍል ወደፊት ይዘላል። እንግዲህ ስንት ጊዜ ሲዘል ነው መነሻው ላይ የሚያርፈው? ሁለት ሴቶች አንዷ በየ4 ቀኑ፣ ሌላዋ በየ6 ቀኑ ወንዝ ቢወርዱ የሚገናኙት በ24 ቀን አይደለም፣ በ12 ነው፤ 4 እና 6 ሁለትን ስለሚጋሩ መንገዱ በግማሽ ያጥራል። 181,440 እና 69,715 የሚጋሩት ግን 5ን ብቻ ነው። ስለዚህ መንገዱ የሚያጥረው ወደ አንድ አምስተኛ ነው፤ 181,440 ለ5 ሲካፈል 36,288። ይህን ያህል ንዑስ ቀመር ማለፍ አለበት። እያንዳንዱ 19 ዓመት ነውና 36,288 በ19 ሲባዛ 689,472 ዓመት ይሆናል። አይሁድ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጥሩት ዘመን ገና ስድስት ሺህ አልሞላም፤ ከዚህ ዙር ከመቶ አንድ እጁ እንኳ አላለቀም። የባሕረ ሐሳቡ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ብቻ የሆነው የፀሐይ ዓመትን 365 ቀን ከሩብ ብሎ ስለሚይዝ ነው፤ ክፍልፋዩ ሩብ ብቻ ስለሆነ 19 በ28 ተባዝቶ ነገሩ ያልቃል። እዚህ ግን 793 ክፍል አለች፤ ዙሩን ያስረዘመችው እሷ ናት።

የክፍሉ የመጨረሻ ምዕራፎች ከበድ ይላሉ። አዲስ ጨረቃ በየትኛው ማታ ለዓይን እንደምትታይ የሚተነብይ ሒሳብ ነው። መነሻው ሐሙስ ሌሊት፣ ኒሳን 3 ቀን 4938፣ በፈረንጅ 1178 ሲሆን፣ መለኪያው የሚነሳው ከኢየሩሳሌም ነው። ከጥንት በይሳኮር ነገድ ሊቃውንት እጅ የነበሩት የዚህ ጥበብ መጻሕፍት ስለጠፉ ሒሳቡን ከግሪኮች መጻሕፍት እንደወሰዱ ራምባም አልደበቁም። በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ነቢይ ይናገረው አሕዛብ ይናገረው ልዩነት የለውም የሚል አቋም ነበራቸው። በዚያ ዘመን፣ ለዚያውም በሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

በአንድ ነገር ግን ቁጥርን ይፈሩ ነበር። በ1172 ገደማ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉ የየመን አይሁድ በግድ እምነት ቀይሩ ተብለው፣ መሲሕ ነኝ ባይም ተነስቶባቸው ምክር ሲጠይቁ፣ ራምባም ረጅም ደብዳቤ ጻፉላቸው። ከምክሮቹ አንዱ የመጨረሻውን ዘመን በቁጥር ለማስላት እንዳይሞክሩ ነው። የጨረቃን ልደት በክፍል ቆጥረው የሚያውቁ ሰው ይህን ማለታቸው ልብ ይሏል።

የቀረው ሕይወታቸው ድካም የበዛበት ነው። የሳላሕ አዲን ሹም የአልቃዲ አልፋዲል ሐኪም ሆኑ፤ በኋላም የሳላሕ አዲንን ልጅ አልአፍዳልን አከሙ። ስለ አስም፣ ስለ መርዝ፣ ስለ ጤና አጠባበቅ በዓረብኛ ጻፉ። የግብፅ አይሁድ አለቃም ነበሩ። በእርጅናቸው የዕለት ውሏቸውን ለአንድ ተርጓሚ ጽፈዋል፦ ጠዋት ከፉስጣጥ ካይሮ ወደ ቤተ መንግሥት ይሄዳሉ፤ ከቀትር በኋላ ተርበው ሲመለሱ ደጁ በበሽተኛ ተሞልቶ ይጠብቃቸዋል፤ አይሁዱም እስላሙም፣ ትልቁም ትንሹም። ይቅርታ ጠይቀው ትንሽ ይቀምሳሉ፤ ያ የቀኑ ብቸኛ ምግባቸው ነው። ከዚያ እስከ ሌሊት ያክማሉ፤ ሲደክማቸው ጋደም ብለው እያናገሩ መድኃኒት ያዛሉ። ሰንበት ሲሆን ደግሞ ማኅበሩ ይመጣል። በዚህ መሃል ነው በ1190 ገደማ ለግራ የተጋቡ ሰዎች መምሪያ የሚለውን የፍልስፍና መጽሐፍ የጨረሱት፤ በእሱ የተነሳው ክርክር ከሞታቸው በኋላም ብዙ ዘመን ቆይቷል።

ሚሽኔ ቶራ ከእሳቸው በኋላ ብዙ ሊቃውንት ማብራሪያ ጽፈውበታል። ከእነዚህ አንዱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው እዚያው ግብፅ የኖሩት ራቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ፣ ራድባዝ የሚባሉት ናቸው። የኢትዮጵያ አይሁድ ከዳን ነገድ ናቸው ብለው የፈረዱት እኚሁ ሰው ናቸው፤ ራቭ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ውሳኔያቸውን ሲሰጡ የተደገፉትም በዚህ ፍርድ ነው።

ራምባም ፉስጣጥ ውስጥ በቴቬት 20 ቀን 4965፣ በፈረንጅ ታኅሣሥ 13 ቀን 1204 አረፉ። አስከሬናቸው ወደ እስራኤል ምድር መጥቶ ጥብርያዶስ እንደተቀበረ በትውፊት ይታወቃል፤ የቲራት ካርሜል ሽማግሌዎችም በአውቶቡስ ወደዚያ ሄደው የሚሳለሙት መቃብር ይህ ነው። ከመጽሐፎቻቸው አንዳንዱ ረቂቅ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይጠፋ፣ በገዛ እጃቸው እንደተጻፈ ከዚያው ጌኒዛ ወጥቷል። አንድ ልጃቸው አብርሃም አባቱ ሲሞቱ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። የግብፅ አይሁድ አለቃነቱንም ሐኪምነቱንም ተረክቦ እስከ 1237 ድረስ አገለገለ።